አልፎ አልፎ አይነሳም

ኅዳር 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቢሾፍቱ አክስቴ ቤት ክርስትና ውለን እኔና አባዬ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን ነው። እማዬና ታናናሾቼ እዚያው ሊያድሩ ቀርተዋል። ቃሊቲ ስንደርስ አባዬ «ነገ ጠዋት ከምሰለፍ አሁኑኑ ልቅዳ» ብሎ ማደያ ገባ። ከፊታችን ሰባት ስምንት መኪና ተሰልፏል። አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ የክርስትናውን ወሬ ቀጠልን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሪኖው ዞረ። ሞተሩ ግን አልነሳም።

ደገመው፣ ሠለሰው። መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ ሞተሪኖውም ይዞራል… ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች! ከኋላችን የተሰለፉት ክላክሳቸውን ያንጫርሩት ጀመር። አንዱማ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባት፣ ካቃተህ ለሌላ ሰው ስጥ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ደንግጬም አፍሬም ነበርና፣

«አባዬ፣ ቁልፉን በደንብ አዙረኸዋል?» አልኩት።

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አልመለሰልኝም።

ሁለት ነዳጅ ቀጂዎች ገፍተው ከሰልፉ አወጡን። ማርሽ አስገብቶ በግፊ ሊያስነሳት ቢሞክርም እንቢ አለች። ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። ከ25 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ገባና ቁልፉን አዞረ። ምን ልበላችሁ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች! እኛም እንደገና ከሰልፉ መጨረሻ ጀመርን።

ያቺን «በደንብ አዙረኸዋል?» ያልኳትን ጥያቄ ሳስባት እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ለምን እንደማፍር ለመናገር ግን ነገሩን ከሥሩ ማምጣት ይኖርብኛል።

* * *

አባዬ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነው። መሪ ከጨበጠ 32 ዓመቱ ነው። የአሁኗን መኪና በ2009 ዓ.ም. ከማኅበራቸው ጋር ሆኖ በባንክ ብድር አዲስ ገዛት። እኔና ሁለት ታናናሾቼ የተማርነው፣ የቤት ኪራይ የሚከፈለው፣ የእማዬ የስኳር መድኃኒት የሚገዛው በእሷ ነው። እኛ ቤት «እሷ» ከተባለ ማን ለማለት እንደተፈለገ ማብራሪያ አያስፈልግም። አባዬ ሰርቪሷን መንደር ውስጥ አስደርጎ አያውቅም። «የሸጠኝ ያውቃታል» ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚወስዳት መኪናውን ወደሸጠለት ኩባንያ ጋራዥ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ይህ ያለመነሳት ነገር ጀመራት። አባዬ ወሰዳት። እዚያ ስትደርስ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ኮምፒውተር ተደረገላት፤ ኮምፒውተሩ «ምንም ብልሽት የለም» አለ። ለማንኛውም ተብሎ ባትሪ ተቀየረ፣ 14,000 ብር። በሳምንቱ ቄራ መንገድ ላይ ቆመች። ለሁለተኛ ጊዜ ተወሰደች። ካንዴላ ተቀየረ። አሥር ቀን ሠርታ አንድ ወደ አየር መንገድ የምትሄድ ተሳፋሪ ይዛ ቆመች። ሴትዮዋ ሻንጣዋን እየጎተተች ሌላ መኪና ለመነች። አባዬ ሒሳብ አልተቀበላትም። እሷ ግን ስትሄድ «እንዲህ ዓይነት መኪና ይዘህ ሰው ባትጭን ምን አለ?» ብላው ነበር። ያን ቀን ማታ እራቱን ሳይበላ ነው የተኛው።

ሦስተኛ ጊዜ የነዳጅ ፓምፕ ተቀየረ፣ 38,000 ብር። እህቴ ልትመዘገብበት የነበረው የክረምት ኮርስ በዚያው ቀረ። የቃሊቲው ጉድ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አራተኛ ጊዜ ሲወስዳት ሦስት ቀን አቆዩዋት። በየጠዋቱ ያስነሷታል፣ ትነሳለች። ግቢ ውስጥ ይነዷታል፣ ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን መልሰው ሲሰጡት የእንግዳ መቀበያው ሰውዬ «ደህና ናት አባት። ምናልባት አነዳድዎ ላይ ይሆናል» አለው።

አነዳድዎ ላይ! ለ32 ዓመት ሹፌር!

ነገሩ በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። አጎቴ ቤት መጥቶ «መኪናዋስ ደህና ናት፣ እሱ ነው ያረጀው። ሸጦ ይረፍ» አለ። እማዬም አባዬ በሌለበት «ዓይኑ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኛ ቤት ግን አጥሩን የነቀነቅነው ውጪ ያሉት ብቻ አልነበርንም። እኔም በልቤ ተጠራጥሬው ነበር። ቃሊቲ ላይ ከአፌ ያመለጠችው ጥርጣሬዬ ናት።

* * *

በዚያው ሰሞን የዜናና መጣጥፍ አጻጻፍ መምህራችን «በዙሪያችሁ ካለ እውነተኛ ችግር ተነስታችሁ አንድ ፊቸር ጻፉ» አሉን። እኔም በደስታ ዘለልኩ። ያንን ኩባንያ ልክ የማስገባበት መሣሪያ በእጄ ገባ! አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩ። «የሸማቹ እንባ» የሚል ርዕስም ሰጠሁት። ራሴ ሳነበው ራሴን አስለቀሰኝ።

መምህሩ ወረቀቱን በሳምንቱ መለሱልኝ። ሦስት ቦታ ብቻ ነው ቀይ እስክሪብቶ የነካው። አንደኛ፣ ርዕሱ ተሰርዟል። ሁለተኛ፣ ግርጌው ላይ «ኩባንያውስ ምን አለ?» የሚል ተጽፏል። ሦስተኛው መግቢያዬ ላይ ነው። መግቢያዬ የሚጀምረው «አንድ አዛውንት ሹፌር መኪናቸው አልፎ አልፎ አልነሳ እያለች…» ብሎ ነው። መምህሩ «አልፎ አልፎ» የሚለውን ከበው ከላዩ አንድ ቃል ጽፈዋል፦ «መቼ?»

አኮረፍኩ። መቼማ ሁልጊዜም ነዋ! ብዬ አጉረመረምኩ። እውነቱን ለመናገር ግን መልሱን አላውቀውም ነበር። አባቴን አንድም ቀን «መቼ መቼ ነው የምትቆመው?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚለውን ለፈተና ሸምድጄ ሙሉ ውጤት ያገኘሁ ልጅ፣ በገዛ ቤቴ ዜና «መቼ»ን ዘልዬ አለፍኳት።

ስለዚህ አንድ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁና በማስመሪያ ከፋፈልኩት። ቀን፣ ሰዓት፣ ከየት ወዴት፣ ስንት ደቂቃ እንደተነዳች፣ ስንት ደቂቃ ጠፍታ እንደቆመች፣ ምን እንደሆነች። ለአባዬ ስሰጠው «እኔ ሹፌር እንጂ ጸሐፊ ነኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «የቆመችበትን ብቻ ሳይሆን ደህና የተነሳችበትንም ጻፍልኝ» ስለው ደግሞ ይብሱን ገረመው። ግን ጻፈው። በዚያ ቀጥ ቀጥ ባለው የማታ ትምህርት እጅ ጽሕፈቱ፣ ከታኅሣሥ 28 እስከ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ለስድስት ሳምንት ጻፈው። ጥቂቱን እነሆ፦

«ጥር 6 ማክሰኞ። ከአየር ጤና ቦሌ፣ 1 ሰዓት መንገድ። ተሳፋሪው ዕቃ እስኪያወርድ 10 ደቂቃ አጠፋሁ። አልነሳም አለች። 20 ደቂቃ ቆይታ ተነሳች።»

«ጥር 10 ቅዳሜ፣ ከተራ። መንገድ ተዘግቶ ሞተር ሳላጠፋ 2 ሰዓት ተኩል ቆምን። ምንም አላለችም።»

«ጥር 19 ሰኞ። ሰበታ ደርሼ መልስ። ሻይ ልጠጣ ሩብ ሰዓት ቆምኩ። እንቢ አለች። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኳት፣ እሺ አለች።»

«የካቲት 1 ቅዳሜ። ጠዋት 12 ሰዓት። ሌሊቱን ውጪ አድራ ብርዱም ከባድ ነበር። በአንድ ቁልፍ።»

ደብተሩን ይዤ ማታ ቁጭ አልኩ። ዘጠኝ ጊዜ ቆማለች። ዘጠኙንም ጊዜ ከ40 ደቂቃ በላይ ተነድታ፣ ከዚያ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ጠፍታ የቆመችበት ነው። ጠዋት አንድም ቀን እንቢ ብላ አታውቅም። ወዲያው ጠፍታ ወዲያው ስትነሳም ችግር የለም። አንድ ሰዓት ጠፍታ ከቆመችም ችግር የለም። ሞተሯ ሳይጠፋ መንገድ ላይ የፈለገውን ያህል ብትሞቅም ችግር የለም። ይቺ መኪና «አልፎ አልፎ» አልነበረም የምትቆመው። ሰዓቷን ጠብቃ ነው!

እየሮጥኩ ሄጄ ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ ቴሌቪዥኑን እያየ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ታዲያ እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኳቸው? ረጅም መንገድ ሄዳ ጥቂት ዐረፍ ስትል ታኮርፋለች፣ ቀዝቀዝ ስትል ትታረቃለች ብያቸው የለም እንዴ?»

ክው አልኩ። ከሊብሬው ጋር የሚያስቀምጣቸውን የጋራዥ ወረቀቶች አወጣሁ። አራት ጊዜ ስለሄደ አራት ወረቀት ነው። «የደንበኛው ቅሬታ» የሚል መስመር አላቸው፣ ከአንድ ጣት የማይረዝም። አራቱም ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው፦ «አልፎ አልፎ አይነሳም።»

* * *

በማግስቱ ከአባዬ ጋር ጋራዡ ሄድኩ። አሁን የሄድኩት ልካቸውን ልነግራቸው ሳይሆን «ኩባንያውስ ምን አለ?» የሚለውን ለመመለስ ነው። ብዙ ከተለማመጥን በኋላ መኪናዋን ሲያይ የነበረውን ቴክኒሺያን አገናኙን። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ። ገና ስጀምርለት አቋረጠኝ።

«እህቴ፣ አንቺ ሐኪም ብትሆኚ፣ አንድ ሰው ጤነኛ ሆኖ መጥቶ ‹አልፎ አልፎ ያመኛል› ቢልሽ ምኑን ታክሚዋለሽ?»

«መቼ መቼ ነው የሚያምህ፣ ከምን በኋላ ነው ብዬ እጠይቀዋለኋ» አልኩት።

ሳቅ አለ። «እኔ እኮ ሰውየውን አላገኘውም። የማገኘው ወረቀቱን ነው» አለኝ።

አሠራራቸውን ነገረኝ። ደንበኛው የሚናገረው እንግዳ መቀበያ ነው። እዚያ ያለው ሰው በጠዋት ሰልፍ ላይ ያለ ደንበኛ ሁሉ እየተናገረው፣ የሰማውን በዚያች አንድ መስመር አሳጥሮ ይጽፋል። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደንበኛው ውጪ ይቀራል። መኪናዋ ተራዋን እስክትጠብቅ ደግሞ ግማሽ ቀን ቆማ ትቀዘቅዛለች። በሌላ አነጋገር፣ ጋራዡ መኪናዋን ያያት የነበረው ሁልጊዜ በምትድንበት ሰዓት ነው።

ደብተሩን ሰጠሁት። መጀመሪያ እንደ ዋዛ ገለጥ ገለጥ አደረገው። ከዚያ ተመልሶ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ። ከተራ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ሳትጠፋ?» አለ አባዬን። «አዎ» አለ አባዬ። «ስትጠፋ ብቻ?» «ስትጠፋ ብቻ።» በአምስት ወር ውስጥ መኪናዋን የሚሠራው ሰውና የሚነዳት ሰው ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ ያስረዳን ነገር፣ እኔ እንደገባኝ፣ እንዲህ ነው። ሞተር ሲሠራ ውኃው ይዘዋወራል፣ ፋኑም ንፋስ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሙቀቱ ልክ አለው። ሞተሩ እንደጠፋ ግን ሁሉም ይቆማል። በብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ኮፈኑ ሥር ያለው ዕቃ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሞተሩ ሲሠራ ከነበረው ይበልጥ ይግላል። ከዚያ ነው እየቀዘቀዘ የሚሄደው። እዚያ አካባቢ ካሉት ዕቃዎች አንዱ የክራንክ ሻፍት ሴንሰር ነው። አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ሥራዋ የሞተሩን ዘንግ አዟዟር እየቆጠረች ለመኪናዋ ኮምፒውተር መናገር ነው። ኮምፒውተሩም በዚያ ተመርቶ ነዳጅና እሳት ይሰጣል። ይህች ሴንሰር ውስጧ ከተጎዳ ስትግል ግንኙነቷ ይቋረጣል፣ ስትቀዘቅዝ ይመለሳል።

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን ብልሽት የለም አለ?» አልኩት።

«ሴንሰሯ ዝም ስትል የዚህች መኪና ኮምፒውተር ሞተሩ ጭራሹን የማይዞር ይመስለዋል። የቆመ ሞተር ደግሞ ለእሱ ብልሽት አይደለም። ስለዚህ የሚመዘግበው የለም» አለኝ።

እስካሁን ግምት ነው አለ። በግምት ሦስት ዕቃ ስለተቀየረ አራተኛውን በግምት አልቀይርም ብሎ፣ «ቤት የፀጉር ማድረቂያ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ይዤለት ሄድኩ። መኪናዋን ከፍ አድርጎ ሞተሯን በቅዝቃዜዋ አስነሳና በኔ የፀጉር ማድረቂያ ያቺን ሴንሰር ብቻ ያሞቃት ጀመር። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ… ቀጥ! ሞተሩ ጠፋ። ቁልፍ ሲያዞሩ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ልክ እንደ ቃሊቲው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አቀዘቀዛት። ተነሳች።

ቴክኒሺያኑ ከሥር ወጥቶ እጁን ጠራረገና አባዬን «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ» አለው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ እንጂ ምንም አላለም። ግን ቀና ሲል አየሁት። ወራት ሙሉ ጎብጦ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

* * *

አዲሷ ሴንሰር 6,500 ብር ነበረች። ከተቀየረች ወዲህ መኪናዋ አንድም ቀን አልቆመችም። የባትሪውና የፓምፑ ገንዘብ ግን አልተመለሰም፣ «ዕቃው መኪናዎ ላይ ነው» ተባልን። እህቴም ኮርሷን አላገኘችም። ስለዚህ ይህንን የድል ታሪክ አድርጋችሁ እንዳታነቡብኝ።

ፊቸሩን እንደገና ጻፍኩት። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ አንድ ጨካኝ ኩባንያ ነበር። ሁለተኛው ላይ ጨካኝ ሰው አጣሁ። እንግዳ መቀበያው የሰማውን አሳጠረ፣ መስመሯ ጠባብ ናት። ቴክኒሺያኑ የተጻፈለትን ሠራ፣ ሌላ አልደረሰውም። ኮምፒውተሩ ያየውን ተናገረ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። አባዬ ግን አልደበቀም። አራት ጊዜ ተናገረ፣ አራት ጊዜ ወደ ሦስት ቃል አሳጠሩት። እኔም በመግቢያዬ ላይ ለአምስተኛ ጊዜ እነዚያኑ ቃላት ደገምኳቸው። ለዚያውም የሚያነጋግረኝ ሰው አብሮኝ በአንድ ማዕድ እየበላ!

ከዚያ ወዲህ «አልፎ አልፎ» የሚል ቃል ስጽፍ እጄ ይቆማል። «አንዳንድ ጊዜ»፣ «አንዳንድ ነዋሪዎች»፣ «ከጊዜ ወደ ጊዜ» የሚሉትም እንደዚያው። የክፍል ጓደኞቼ የጋዜጣ ልምምድ ጽሑፋችሁን አውጡና ቁጠሩት እስቲ፣ ስንት ቦታ አለ? እኔ የራሴን ስቆጥር በአንድ ገጽ አምስት አገኘሁ። ከእያንዳንዱ ጀርባ ያልጠየቅኩት አንድ «መቼ» ወይም አንድ «ማን» ነበር።

አንድ ቀን ማታ አባዬን ይቅርታ ጠየቅኩት። ለቃሊቲው። «የቱ ቃሊቲ?» አለኝ፣ የረሳ መስሎ። አልረሳውም፣ አውቀዋለሁ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣

«አንቺ የነገርሻቸው እኮ እኔ የነገርኳቸውን ነው» አለኝ።

«አዎ አባዬ። ልዩነቱ በጽሑፍ መሆኑ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እኔ ስነግራቸው ለምን አልጻፉትም?»

ይህንን ጥያቄ እኔም እስካሁን በደንብ አልመለስኩለትም። መልሱን እየተማርኩት ነው ብዬ አስባለሁ። ደብተሩ ግን አሁንም መኪናዋ ውስጥ ነው። ባዶ ገጾች ቀርተውታል፤ አባዬም አንዳንድ ማታ የዋለበትን ይጽፍበታል።

አንዳንድ ማታ አልኩ እንዴ? ማክሰኞና ዓርብ።